ቁጥሩ የሚናገረውና የማይናገረው፦ የአሮጌ መኪና የሞተር ኮድ ንባብ

ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የቼክ ኢንጅን መብራት ሁለት ጊዜ ብልጭ አለ። ትንሽ ቆመና እንደገና ሁለት ጊዜ ብልጭ አለ። ከዚያ ረዘም ያለ ጨለማ ሆነ። በእጄ በያዝኩት ወረቀት ላይ 22 ብዬ ጻፍኩ። ዓይኔን ስላላመንኩት ሦስት ዙር ጠብቄ ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው 22 ነው። ይህ የሞተሩ ኮምፒውተር ጉድለት ሲያገኝ የሚያስቀምጠው ቁጥር፣ ማለትም ኮድ ነው፤ የመኪናው የጥገና መጽሐፍ 22ን ከሞተሩ ውኃ ሙቀት ሴንሰር ጋር ያያይዘዋል። እኔም ሴንሰሩን ገዛሁ፣ ቀየርኩ፣ ኮዱን አጠፋሁ፣ ደስ ብሎኝ ነዳሁ። በሦስተኛው ቀን መብራቱ ተመልሶ በራ። ተቀምጬ ቆጠርኩ፦ ሁለት፣ ሁለት።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። መጽሐፉ ያለው «የሴንሰሩ መስመር» ነው፤ እኔ ያነበብኩት «ሴንሰሩ» የሚለውን ብቻ ነው። ኮድ ማንበብን ከሚያውቁና ከማያውቁ ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው ይህች የተዘለለች ቃል ናት።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ከኮምፒውተሩ ቦታ ሆኖ ማየት ይጠቅማል። ኮምፒውተሩ ሞተሩን አያየውም፤ ውኃው ሲፈላ አይሰማም፤ ቤንዚን አይሸተውም። የሚደርሰው በሽቦ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ብቻ ነው። የውኃ ሙቀት ሴንሰሩን እንውሰድ። ኮምፒውተሩ 5 ቮልት በውስጡ ባለ ሬዚስተር አሳልፎ ወደ ሴንሰሩ ይልካል። ሴንሰሩ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን አጥብቆ ይከለክላል፤ ሲሞቅ ይለቃል። በብዙ የጃፓን መኪኖች በ20 ዲግሪ ሙቀት ከ2000 እስከ 3000 ኦም (የክልከላው መለኪያ) ይለካል፤ በ80 ዲግሪ ወደ 300 ኦም አካባቢ ይወርዳል። በዚህ የተነሳ ሞተሩ በሞቀ ቁጥር በሽቦው ላይ የሚነበበው ቮልቴጅ ይቀንሳል፤ ኮምፒውተሩም ከዚያ ሙቀቱን ያሰላል።

አሁን ሽቦው ተበጠሰ እንበል። 5 ቮልቱ የሚሄድበት ስለሌለ ሙሉ በሙሉ እዚያው ይቀራል። ኮምፒውተሩ ይህን ሲተረጉመው ውኃው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ የቀዘቀዘ ይመስለዋል። ሽቦው ተልጦ የመኪናውን ብረት ከነካ ደግሞ ቮልቴጁ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ውኃው ከ130 ዲግሪ በላይ የጋለ ይመስላል። ሁለቱም የማይሆን ነገር ነው፤ ኮምፒውተሩም ይህን እንዲያውቅ ተደርጎ ተሠርቷል። ስለዚህ የመጣለትን ንባብ ትቶ ሞተሩ እንዳይቆም በራሱ ግምት፣ ብዙ ጊዜ በ80 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ቋሚ ቁጥር መሥራት ይጀምራል። ኮዱን ያስቀምጣል፤ መብራቱን ያበራል። ሴንሰሩ ራሱ ይበላሽ፣ ሽቦው ይበጠስ፣ ሶኬቱ ይዛግ፣ ወይም የኮምፒውተሩ የራሱ እግር ይላላ፣ ከእሱ ዘንድ ሆኖ ሲታይ አንድ ዓይነት ነው። ቁጥሩ የመንደሩን ስም ይነግራል እንጂ የቤቱን ቁጥር አይነግርም።

ከመቁጠር በፊት

ካርቡሬተር ያለውና የሞተር ኮምፒውተር የሌለው መኪና ኮድ የለውም፤ እዚያ ፍለጋው የዓይንና የጆሮ ሥራ ነው። ኮድ የመጣው ነዳጅን በኮምፒውተር ከመቆጣጠር ጋር ነው። የአሜሪካዋ የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1988 ሞዴል ጀምሮ መኪኖች የሞተራቸውን የጭስ መቆጣጠሪያ ራሳቸው እንዲመረምሩና በመብራት እንዲያስታውቁ አዘዘች። ነገር ግን ሶኬቱ ምን ይምሰል፣ ቁጥሩ ምን ይሁን የሚለውን ለአምራቾች ስለተወችው እያንዳንዱ የራሱን ቋንቋ ፈጠረ። ሁሉንም በአንድ ቋንቋ እንዲናገሩ ያስገደደው ኦቢዲ 2 የተባለው ሥርዓት በአሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ግዴታ ሆነ፤ አውሮፓ በቤንዚን መኪኖች ላይ ተመሳሳዩን የደነገገችው በ2001 ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ወጥመድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተሠሩ፣ ግን ለሌላ ገበያ የታሰቡ አንዳንድ መኪኖች ከመሪው በታች ባለ 16 እግር የሆነውን ዘመናዊ ሶኬት ይዘው ሳለ የሚናገሩት የድሮውን የፋብሪካቸውን ቋንቋ ነው። የኮድ ማንበቢያ መሣሪያው ይገባል፣ የመሣሪያው መብራት ይበራል፣ ከዚያ «መገናኘት አልተቻለም» ይላል። ሰውየው ማንበቢያው ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ይገዛል። ኮፈኑን ከፍቶ የጭስ መቆጣጠሪያ መለያ ወረቀቱ ላይ ኦቢዲ 2 የሚል መኖሩን ማየት ይህን ድካም ያስቀራል።

ሌላው ቀላል ፍተሻ ደግሞ መብራቱ ራሱ ነው። ቁልፉን ሞተሩ ሳይነሳ እስከ «ኦን» ሲያዞሩት የቼክ ኢንጅን መብራት መብራት አለበት፤ ሞተሩ ሲነሳ ይጠፋል። ጨርሶ ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ አለዚያም አንድ የቀድሞ ባለቤት መኪናውን ሊሸጥ ሲያስብ አውጥቶታል። ዳሽቦርድ ተፈቶ አምፖሉ ላይ በጥንቃቄ የተለጠፈ ጥቁር ፕላስተር አይቻለሁ። ያንን ያደረገ ሰው ኮዱን ለማንበብ ከዚያ ያነሰ ጊዜ ይበቃው ነበር።

ብልጭታውን መቁጠር

በድሮዎቹ መኪኖች መሣሪያ አያስፈልግም፤ አጭር ሽቦና ትዕግሥት ይበቃል። ቶዮታን በምሳሌነት ልዘርዝር፤ የሌሎቹ ሐሳብ ተመሳሳይ ነው። ኮፈኑ ሥር፣ ብዙ ጊዜ ከሞተሩ ክፍል በአንዱ ጎን፣ ክዳኑ ላይ «ዲያግኖሲስ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን አለ። ክዳኑን ሲገለብጡት ከውስጡ የቀዳዳዎቹ ስም በሠንጠረዥ ተጽፏል። የሚፈለጉት ሁለት ናቸው፦ ቲኢ1 እና ኢ1። በአንዳንድ ቀደምት ሞዴሎች የመጀመሪያው ቲ ብቻ ተብሎ ይጻፋል። ቁልፉ ጠፍቶ ሳለ ሁለቱን በሽቦ ያገናኟቸው። እዚያው ሳጥን ውስጥ የባትሪው ኃይል የሚመጣበት ቀዳዳም ስላለ በግምት መሰካት አይገባም፤ ሠንጠረዡን ደግሞ ማየት ከተቃጠለ ፊውዝ ይሻላል። ቢጫ ሶኬት ወይም ቢጫ ሽቦ ካዩ ደግሞ እጅዎን ይሰብስቡ፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ የኤርባግ ነው።

ባትሪው ቢያንስ 11 ቮልት ይኑረው፤ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን፤ የነዳጅ ፔዳሉ አይረገጥ፤ ሬዲዮና ማቀዝቀዣው ይጥፉ። ከዚያ ቁልፉን ወደ «ኦን» ያዙሩት፤ ሞተሩን አያስነሱ። መብራቱ በፍጥነትና በእኩል ምት ያለማቋረጥ ብልጭ ብልጭ ካለ ምንም ኮድ የለም። ኮድ ካለ ምቱ ይሰበራል። የአሥር ቤቱ ቁጥር በግማሽ ሰከንድ ብልጭታ ይወጣል፤ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ይቆማል፤ የአንድ ቤቱ ይከተላል። ሁለተኛ ኮድ ካለ ከሁለት ሰከንድ ተኩል በኋላ ይጀምራል፤ ሁሉም ሲያልቅ አራት ሰከንድ ተኩል ቆይቶ ከአናቱ ይደግማል። ኮዶቹ ከትንሹ ወደ ትልቁ ስለሚሄዱ 31 ካዩ በኋላ 14 ካነበቡ ዙሩ ተደግሟል ማለት ነው፣ ወይም ቆጠራው ተሳስቷል።

በጭንቅላት አይቁጠሩ። በየብልጭታው ወረቀት ላይ ጭረት ያድርጉ፤ ለአጭሩ ዕረፍት ነጠላ ሰረዝ፣ ለረጅሙ አዲስ መስመር። ሁለተኛ ሰው ካለ አንዱ ይጥራ፣ ሌላው ይጻፍ። በደማቅ ፀሐይ የድሮ አምፖል ብልጭታ ስለማይታይ ዳሽቦርዱን በእጅ ወይም በጨርቅ መጋረድ ይረዳል።

የሌሎቹን በአጭሩ፦ በድሮ ሆንዳዎች ከተሳፋሪው ፊት ዳሽቦርድ ሥር ባለ ሁለት ሽቦ ትንሽ ሶኬት ትገኛለች፤ ስትገናኝ ረጅሙ ብልጭታ አሥር፣ አጭሩ አንድ ነው። በብዙ ኒሳኖች ኮምፒውተሩ ራሱ ላይ በጠመንጃ መፍቻ የምትዞር ብሎንና ቀይና አረንጓዴ መብራት አለ፤ ቀዩ አሥሩን፣ አረንጓዴው አንዱን ይቆጥራል፤ 55 ከመጣ ጤና ነው። በክራይስለር ሽቦም አያስፈልግም፤ ቁልፉን በ5 ሰከንድ ውስጥ አብርቶ፣ አጥፍቶ፣ አብርቶ፣ አጥፍቶ፣ አብርቶ መተው ይበቃል። ጄኔራል ሞተርስ ከሾፌሩ ዳሽቦርድ ሥር ባለ 12 ቀዳዳ ሶኬት ኤ እና ቢ የተባሉት ቀዳዳዎች ሲገናኙ እያንዳንዱን ኮድ ሦስት ሦስት ጊዜ ይነግራል።

የአንዱን ሰንጠረዥ ለሌላው መጠቀም ምን እንደሚያስከትል 12 ቁጥር ብቻዋን ታሳያለች። በጄኔራል ሞተርስ 12 ማለት ከሞተሩ የመዞር ምልክት አይመጣም ማለት ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶ እየተነበበ ስለሆነ ይህ ተፈጥሯዊ ነው፤ እንዲያውም ሥርዓቱ እየሠራ ለመሆኑ ማረጋገጫው እሱ ነው። በክራይስለር 12 ባትሪው በቅርቡ ተነቅሎ ነበር ይላል። በኒሳን የአየር መለኪያው መስመር ነው። በቶዮታ ደግሞ የሞተሩ ዙር ምልክት ጠፍቷል ማለት ነው፤ እዚያ መኪናው ላይነሳም ይችላል። አንዷ ቁጥር በአንዱ ቤት ሰላምታ፣ በሌላው መርዶ ናት። ስለዚህ ሰንጠረዡ የመኪናውን አምራች ብቻ ሳይሆን የሞተሩን ዓይነትና ዘመን ጭምር መግጠም አለበት።

ባለ 16 እግሩ

ኦቢዲ 2 መቁጠርን አስቀረ። ማንበቢያ ይሰካል፣ ወይም በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚነጋገር ትንሽ መሣሪያ ይገባል፤ ኮዱ እንደ ፒ0302 ተጽፎ ይመጣል። አጻጻፉ ሥርዓት አለው። የፊደሏ ፒ ሞተርና ካምቢዮን፣ ቢ የመኪናውን አካል፣ ሲ ፍሬንና መሪን የመሰሉትን፣ ዩ ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን መረብ ትወክላለች። ቀጣዩ 0 ከሆነ ትርጉሙ በሁሉም አምራች አንድ ነው፤ 1 ከሆነ የአምራቹ የራሱ ስለሆነ ሰንጠረዡን መፈለግ ግድ ነው። ሦስተኛው ቦታ ክፍሉን ይለያል፦ 1 ነዳጅና አየር፣ 3 የካንዴላ እሳትና መሳቱ፣ 4 የጭስ መቆጣጠሪያ፣ 5 ፍጥነትና ሚኒሞ (የነዳጅ ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር)፣ 7 ካምቢዮ። የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ዝርዝሩ ናቸው።

ከኮዱ ጋር ብዙ ሰው የማይከፍተው አንድ ገጽ አለ፤ ኮዱ በተመዘገበባት ቅጽበት የነበረው ሁኔታ፦ የሞተሩ ዙር፣ ሙቀቱ፣ የመኪናው ፍጥነት፣ ጭነቱ። ጉድለቱ ሞተሩ ቀዝቅዞ ቆሞ ሳለ ነው ወይስ በሞቀ ሞተር ዳገት ሲወጣ? ለእኔ ከኮዱ ይልቅ ይህ ገጽ ብዙ ጊዜ የበለጠ ይናገራል።

ፒ0171ን እንይ፤ ትርጉሙ «ድብልቁ ቀጥኗል»፣ ማለትም ለአየሩ የሚመጥን ነዳጅ የለም ነው። ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል ለ1 ኪሎ ነዳጅ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። በጭስ ማውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ከጭሱ የተረፈውን ኦክስጅን አሽትቶ ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ባለው መካከል እየተወዛወዘ ይናገራል፤ ዝቅ ካለ ቀጥኗል፣ ከፍ ካለ ወፍሯል። ኮምፒውተሩ በዚህ እየተመራ ነዳጅ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ጨምሮ ጨምሮ ከተፈቀደለት ጣሪያ ሲደርስና አሁንም «ቀጥኗል» ሲባል እጁን አንሥቶ ፒ0171 ይጽፋል። እዚህ ላይ የኦክስጅን ሴንሰሩን መቀየር የተለመደ ነው፤ መርዶ ነጋሪን እንደ ገዳይ ማሰር ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ሌላ ነው፦ ከአየር መለኪያው በኋላ የተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ፣ አቧራ የለበሰ የአየር መለኪያ፣ የደከመ የነዳጅ ፓምፕ፣ የተደፈነ የነዳጅ ፊልትሮ፣ ወይም ከሴንሰሩ በፊት የተሰነጠቀና ከውጭ አየር የሚስብ የጭስ ማውጫ።

እነዚህን ለመለየት የተጨመረውን ነዳጅ በመቶኛ የሚያሳየውን ቁጥር መመልከት ነው። በሚኒሞ በጣም ከፍ ብሎ ሞተሩ ወደ 2500 ዙር ሲደርስ ወደ ጤነኛው ከተመለሰ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ይፈልጉ፤ በሚኒሞ ሞተሩ የሚስበው አየር ጥቂት ስለሆነ ትንሿ ስንጥቅ ትልቅ ድርሻ ትይዛለች፤ በከፍተኛ ዙር ግን ትዋጣለች። በተቃራኒው በሚኒሞ ደህና ሆኖ ጭነት ሲበዛ እየጨመረ ከሄደ ነዳጁ በበቂ አይደርስም ወይም የአየር መለኪያው አሳንሶ ይናገራል። ይህ ፍተሻ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ አንድም ዕቃ አያስገዛም።

የእሳት መሳት ኮዶች ከዚህ ይቀላሉ። ፒ0302 ሁለተኛው ሲሊንደር አልነደደም ይላል። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ቦቢና (ለካንዴላው እሳት ኃይል የሚያመነጭ ዕቃ) ባለው ሞተር የሁለተኛውን ቦቢና ከሦስተኛው ጋር ያለዋውጡት፣ ኮዱን ያጥፉና ይንዱ። ፒ0303 ከመጣ ችግሩ ከቦቢናው ጋር ተጉዟል፤ ጉዳዩ አለቀ። ፒ0302 ከቀረ ካንዴላውን በተመሳሳይ መንገድ ያዛውሩ፤ ከዚያ ኢንጀክተሩን ይፈትሹ፤ በመጨረሻ የሲሊንደሩን ግፊት ይለኩ። በኦቢዲ 2 መኪኖች እየነዱ ሳለ መብራቱ ዝም ብሎ መብራት ትቶ ብልጭ ብልጭ የሚል ከሆነ ግን ፍተሻው እስኪደርስ መጠበቅ አይቻልም። ያልተቃጠለ ነዳጅ ወደ ጭስ ማጣሪያው እየሄደ እዚያ ስለሚነድ ማጣሪያው ግሎ ይቀልጣል። እግርን ከነዳጅ ላይ አንሥቶ መቆም ነው። በኋላ ፒ0420፣ ማለትም ማጣሪያው ሥራውን አልሠራም የሚል ኮድ የሚመጣባቸው ብዙ መኪኖች ታሪካቸው እንዲህ ባለች ችላ የተባለች ብልጭታ ይጀምራል።

ሦስት አራት ኮድ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ደግሞ መደንገጥ አያስፈልግም። ሦስት ሴንሰሮች በአንድ ቀን ተማክረው አይሞቱም። ብዙዎቹ አንድ የ5 ቮልት ምንጭና አንድ ከመኪናው ብረት ጋር የታሰረ የአሉታዊ መስመር ይጋራሉ፤ የጋራቸውን መፈለግ ነው። በአሮጌ መኪና ከሞተሩ ወደ ሻንሲው የሚሄደው ሽቦ ብሎኑ ዝጎ መላላቱ የተለመደ ነው።

ኮድ አለመኖሩም ጤና ማለት አይደለም፤ በተለይ በድሮዎቹ። ኮምፒውተሩ የሚከሰው ከማይሆን ክልል የወጣውን ነው። 90 ዲግሪ የሞቀውን ውኃ 50 ነው የሚል ሴንሰር ውሸታም ነው፤ ሆኖም 50 የሚሆን ቁጥር ስለሆነ መብራቱ አይበራም፤ መኪናው ነዳጅ ብቻ ይጠጣል። የነዳጅ ግፊት መውረድን፣ የተቃጠለ ቫልቭን፣ ያረጀ የፒስተን ቀለበትን የድሮ ኮምፒውተር በቀጥታ የሚያይበት ዓይን የለውም።

ማጥፋትን በተመለከተ፣ ሳይጽፉ አያጥፉ። በኦቢዲ 2 መኪና ኮዱ ሲጠፋ ያ የቅጽበቱ ገጽም አብሮ ይጠፋል፤ ኮምፒውተሩ የራሱን ምርመራዎችም ከዜሮ ይጀምራል። በቶዮታ ዓይነቶቹ አሮጌዎች «ኢኤፍአይ» የሚለውን ፊውዝ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ መንቀል ይበቃል፤ ባትሪ መንቀልም ያጠፋል፣ ግን ሰዓትና ሬዲዮንም ይወስዳል፤ ሚኒሞውም ለጥቂት ጊዜ ሊዛባ ይችላል። ካጠፉ በኋላ መኪናውን በቅዝቃዜ አስነሥተው እስኪሞቅ ይንዱትና ሌላ ቀን ይድገሙት፤ አንዳንድ ኮዶች በሁለት ጉዞ ተከታትለው ካልታዩ መብራት አያበሩምና በመጀመሪያው ቀን መጥፋቱ መዳኑን አያሳይም።

እኔም በ22 መጨረሻ ያደረግሁት መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን ነው። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ አዲሱን ሴንሰር ከሶኬቱ ነቅዬ በቴስተር ለካሁት፦ 2400 ኦም፣ ደህና ነው። ሶኬቱን መልሼ ሰካሁና ከኮምፒውተሩ በኩል ያለውን ሶኬት ፈትቼ ያንኑ መስመር ከዚያ ጫፍ ለካሁ፤ ቴስተሩ ምንም አላነበበም። ስለዚህ በሁለቱ ጫፎች መካከል የሆነ ቦታ ተበጥሷል። ሽቦውን በጣቴ እየደባበስኩ ስሄድ ከሴንሰሩ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ፣ በሞተሩ ብረት ማጠፊያ ላይ፣ አንድ ቦታ እንደ ገመድ ለስልሶ ታጠፈ። ከውጭ ሽፋኑ ሙሉ ነው። ስሰነጥቀው ውስጡ የነበረው መዳብ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። ያንን ያህል ቆርጬ በአዲስ ሽቦ ተካሁ፣ በብየዳ አያያዝኩ፣ ሸፈንኩ። የመጀመሪያውን ሴንሰር አልጣልኩትም ነበርና እሱንም ለካሁት፦ 2450 ኦም።